ከባላጋራዬ ጋር ፉል የበላው ጠበቃ

ሁለት በደል እንዲመዘገብልኝ እፈልጋለሁ። አንደኛው በእኔ ላይ የተፈጸመ ነው። በሃያ ዘጠኝ ዓመቴ፣ በምሠራበት የፈትል ፋብሪካ በር ላይ፣ ስሜ «በማታለል ተግባር ከሥራ የተሰናበተች» ተብሎ ተለጠፈ። አላታለልኩም። ሁለተኛውን በደል የፈጸምኩት እኔ ነኝ፤ በደል መሆኑን ግን እስካለፈው ሳምንት ድረስ አላውቅም ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከአቃቂ ድልድይ እስከ ቃሊቲ የአንድን ሰው ስም ሳጠፋ ኖሬአለሁ። «ጠበቃዬ ጉዳዬን ግማሹን ሸጠብኝ» እያልኩ። መጻፍ የሚቀለኝ ሰው አይደለሁም፤ ከአምስተኛ ክፍል አላለፍኩም። ግን ያጠፋሁት በአፌ ከሆነ የማስተካክለው ቢያንስ በእጄ ይሁን ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁት።

ነገሩን የቀሰቀሰችው የልጅ ልጄ ቤዛ ናት። ቂሊንጦ ካሉት የልብስ ፋብሪካዎች በአንዱ ስፌት ላይ ትሠራ ነበር። በቅርቡ የሠራተኞቹ ምሳ ውስጥ ትል ሲንቀሳቀስ የሚያሳይ ቪዲዮ በየስልኩ ዞረ። የቀረጸችው ቤዛ ናት ተብሎ የስንብት ደብዳቤ ተሰጣት። የቤዛ ስልክ ካሜራው ከተሰበረ ዓመት አልፎታል፤ እንኳን ትል የራሷንም ፊት አያነሣም። የቀረጸው ሌላ ሰው ነው። ማን እንደሆነ ታውቃለች፤ አትናገርም።

ጠበቃ ልንይዝ ገላን ኮንዶሚኒየም ሄድን። ቢሮው ምድር ቤት ላይ፣ በሴቶች ፀጉር ቤትና በሲሊንደር ጋዝ መሸጫ መሀል ነው። ጠበቃዋ ወጣት ሴት ናት፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችና «ቤዛዬ፣ ያልነገርሽኝ ነገር አለ?» አለቻት።

«የለም» አለች ቤዛ። ይህን ስትል የሻሿን ጫፍ ወደ አፏ ሳበች። ያቺን እጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ፤ ስኳር ሰርቃ ስትበላም እንደዚያው ናት።

ታክሲ ውስጥ ገብተን ስንቀመጥ በሹክሹክታ፣ «እማዬ፣ እኔ አላመንኳትም» አለችኝ። «ኮሪደሩ ላይ ከዚያ ከሌላው ጠበቃ ጋር ስትስቅ አይተሻታል? እነዚህ እኮ እርስ በርሳቸው ይተዋወቃሉ። ዛሬ ብነግራት ነገ ፋብሪካው ሰምቶታል። አይደረግም አቦ!»

በጆሮዬ የገባው የእሷ ድምፅ አልነበረም፤ የእኔው፣ የዚያን ጊዜው ነው።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። አቃቂ ያን ጊዜ በጭስ ማውጫ ነው ከሩቅ የምትታወቀው። ጠዋት የፋብሪካው ጡሩምባ ሲነፋ ሴቱም ወንዱም በሐዲዱ ዳር ይጎርፋል፤ ወንዙ አንድ ቀን ቀይ፣ አንድ ቀን ሰማያዊ ሆኖ ይወርዳል፤ ምን ዓይነት ጨርቅ እንደተነከረ ከድልድዩ ላይ ሆነን እናውቅ ነበር። እኔ ፈትል ክፍል ነበርኩ። ማታ ቤት ስገባ ፀጉሬ ውስጥ ያለው የጥጥ ብናኝ አመድ ላይ የተንከባለልኩ ያስመስለኝ ነበር።

መግቢያው ላይ ሁለት ሰሌዳ ነበር። እያንዳንዳችን ቁጥር የተመታባት ክብ ብረት አለችን። ስንገባ ብረቷን ከውጪኛው ሰሌዳ አውርደን በውስጠኛው ላይ እንሰቅላለን፤ ስንወጣ ወደ ቦታዋ እንመልሳለን። ብረቷ ውስጥ ካለች ሰውዬው ሥራ ላይ ነው ማለት ነው። ዛሬ እነቤዛ በጣት አሻራ ነው የሚገቡት። አሻራን ጓደኛ ይዞት አይገባም። እኔ ላይ የደረሰው ሁሉ የደረሰው ብረትን ጓደኛ ይዟት ስለሚገባ ነው።

በኅዳር ወር አዮ ጫልቱ ሞተች። የወለደችኝ እናቴ በእኔው ወሊድ ስለሞተች ያጠባችኝና ያሳደገችኝ ጎረቤታችን አዮ ጫልቱ ናት፤ ከልጇ ጋር ግራና ቀኝ ይዛን። የጡት እናቴ ናት። ቤቷ ገላን ነበር፤ ዛሬ ኮንዶሚኒየሙ የቆመበት መሬት ያን ጊዜ የጤፍና የሽምብራ ማሳ ነው። ፈቃድ ልጠይቅ ወደ አስተዳደር ክፍል ኃላፊው ገባሁ። ፋይሌን አወጣና በጣቱ አንድ መስመር ላይ አቆመ።

«እናትሽ እኮ እዚህ ሞታለች ተብሎ ተጽፏል።»

«የወለደችኝ ናት። ይቺ ያጠባችኝ ናት።»

«ለእናት ሦስት ቀን ይፈቀዳል። ሁለት ጊዜ ግን እናት አይሞትም። ወደ ሥራሽ!»

ወደ ሥራዬ አልሄድኩም፤ በቀጥታ ወደ ገላን ሄድኩ። ጡት ያጠባችኝን ሴት አፈር ሳላለብስ ፈትል የምፈትልበት እጅ አልነበረኝም። በእግሬ ነው የሄድኩት፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ ጤፉ እየታጨደ ነበር፤ የማያውቁኝ አጫጆች እንኳ ለቅሶዬን አይተው ማጭዳቸውን እያቆሙ «ነፍስ ይማር» ይሉኝ ነበር። የፋይል ሰው ያላወቀውን ሐዘን የመንገድ ሰው አወቀው።

በሰልስቱ ምሽት ጓደኛዬ ዘሀራ መጣች። የወሎ ልጅ ናት፤ ከእኔ ጎን ያለውን ማሽን ነው የምትሠራው። የመኪና ረዳት ባሏ እግሩን ተሰብሮ ከተኛ መንፈቅ አልፎት ነበር፤ ጡት ያልጣሉ መንትዮች ነበሯት። ያን ቤት የሚያኖረው የእሷ ሥራ ብቻ ነው። አንድ ቴርሞስ ሻይና አምስት ዳቦ በነጠላዋ ቋጥራ ገባች፤ አልቅሳ፣ ተላቅሰን፣ ጆሮዬ ሥር ጠጋ አለችና፣ «አታስቢ፣ ቁጥርሽ ሦስቱንም ቀን ሥራ ላይ ነው። ከእኔው ጋር ሳስገባት ሳስወጣት ነው የሰነበትኩት» አለችኝ። በደግነቷ። ልቤ ደንገጥ አለ፤ ግን ለቅሶ ልትደርሰኝ የመጣችን ሴት ምን እላታለሁ?

ችግሩ፣ በዚያው ቀን የፋብሪካው ጭነት መኪና ሹፌር በገላን በኩል ሲያልፍ ፀጉሬን ተላጭቼ ድንኳን በር ላይ አይቶኛል። ለክፉም አላሰበው፤ ሲመለስ «ያቺ የፈትል ክፍሏ ልጅ ሰው ሞቶባታል» ብሎ አወራ። ሰሌዳው ላይ ግን ብረቴ ተሰቅላለች። በነጋታው ስሜ በሩ ላይ ተለጠፈ። አራት መቶ ሰው በዚያ በር ይገባል። የሰፈር ልጆች ሳይቀሩ «አታላይዋ» ማለት ጀመሩ። እንጀራዬ መቋረጡ አንድ ነገር ነው፤ ሌላ ፋብሪካ ይቀጥር ይሆናል። በማታለል የተለጠፈ ስም ግን በየደረሱበት ይቀድማል።

የሠራተኛ ማኅበራችን ተወካይ ጋሽ ወልዴ፣ «ክሰሺ። ግን ያለ ጠበቃ አትግቢ። በሥራ ክርክር ልምድ ያለው ሰው አውቃለሁ፤ ሃያ ዓመት ችሎት የቆመ ነው» አለኝ።

«ልምድ ያለው ሌባም አለ» አልኩት።

ስቆ አድራሻውን ነገረኝ።

አቶ ታፈሰ ከሐዲዱ ማዶ፣ አንድ በር ባላት ክፍል ውስጥ ነበር የሚሠሩት። አንዲት ቡናማ ኮት፣ አንድ የጽሕፈት መኪና፣ በክር የታሰሩ ፋይሎች እስከ ጣራው። ክፍያዬን ጉዳዩ ሲያልቅ እንደምከፍል ሲነግሩኝ ይበልጥ ጠረጠርኩ። ማን ነው አሁን የማይበላ? ቀጥሎ ውክልና እንድሰጥ ጠየቁኝ። ውክልና ማለት ሌላን ሰው «እኔን ሁን» ማለት ነው። እኔን የምሆን እኔ እያለሁ! ፊርማዬን ስጽፍ ሁለት ጊዜ ወረቀት አበላሸሁ።

«ቁጥርሽን ማን ሰቀለው?» አሉኝ።

«አላውቅም።»

«አታውቂም ወይስ አትናገሪም?»

«ለእርስዎ ምን ያደርግልዎታል?»

«ስሚ ታደለች። ሦስት ቀን መቅረት ብቻውን ሰው አያስባርርም። ያባረረሽ ያ የተሰቀለው ብረት ነው። አንቺ አዘሽ ከተሰቀለ አታለሻል። ሳታዢ ከተሰቀለ አላታለልሽም። እኔ መሬቱን ሳላውቅ ምሰሶ አልተክልም።»

«ዳኛው ያውቀዋል» አልኳቸው።

ሳቅ አሉ። ሳቃቸው አላማረኝም። ለዘሀራ በአዮ ጫልቱ አፈር ምዬላት ነበር፤ ስሟ ከአፌ እንደማይወጣ። ደግሞስ ይህ ሰው ስሟን ለማን እንደሚያቀብል በምን አውቃለሁ?

ጥርጣሬዬን ያጸናው ፉል ነው። ከሐዲዱ ጀርባ ሸምሱ የሚባል የስልጤ ሰው ቁርስ ቤት ነበረው። ፉሉ ላይ ቃሪያና ቲማቲም ነስንሶ፣ ዘይቱን በትንሹ አፍስሶ ሲያቀርበው ሽታው ሐዲዱን ተሻግሮ ይመጣል። ከመጀመሪያው ቀጠሮ ማግስት በዚያ ሳልፍ በመስኮቱ ወደ ውስጥ አየሁ። አቶ ታፈሰ ቁጭ ብለዋል። ከፊታቸው ያለው ሰው የፋብሪካው ጠበቃ ነው፤ ያ ባለ ሽንጣም ከረባቱ፣ ትናንት ችሎት ላይ «ከሳሿ አታላይ ናት» ሲል የዋለው። አንድ ሳህን መሀላቸው ተቀምጧል። ሁለቱም ከአንድ ሳህን በዳቦ እየጠረጉ ይበላሉ። እየሳቁ!

እኛ ስናድግ ባላጋራ ከባላጋራ ጋር እርቅ ሳይወርድ ከአንድ ማዕድ አይቆርስም። የቆረሰ ታርቋል፤ የታረቀ ደግሞ አይከራከርም። ታዲያ የእኔ ጠበቃ ከማን ጋር ታረቀ? በምን? በእኔ! በሳህኑ ላይ ያለው ፉል ሳይሆን እኔ መሰልኩኝ።

ሄጄ ፊት ለፊት ጠየቅኳቸው። «ከእነሱ ሰው ጋር ምን ይነጋገራሉ?»

«ፉል ስንበላ ስለ ፉል ነው የምንነጋገረው» አሉኝ፤ እንደገና ወደ ቁጥሩ ተመለሱ። «ማን ሰቀለው?»

ያን ጊዜ አንድ ብልሃት መጣልኝ። በብልሃቴ ኮርቼ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ፊቴ ይቃጠላል። ስም ልፍጠር፣ በዓለም ላይ የሌለች ሴት። ያቺን ስም ለእሳቸው ብቻ ልንገር። ፋብሪካው ውስጥ ስሟ ከተሰማ ሻጩ ተያዘ!

አንገቴን ደፍቼ፣ «እሺ፣ ልንገርዎት። ወርቄ ባልቻ ትባላለች» አልኳቸው።

«እሷ በራሷ ነው የሰቀለችው? ሳታዢ?»

«ሳላዛት።»

«ትመሰክራለች?»

«ትመሰክራለች።»

ብዕራቸውን ከኮታቸው አውጥተው ጻፉ። «አሁን መሬት አገኘን» አሉ።

አራት ቀን አለፈ። በአምስተኛው ቀን ዘሀራ ከሥራ ስትወጣ በቤቴ በኩል መጣች፤ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት በሩን ይዛ ቆመች።

«አንቺ፣ ወርቄ ባልቻ ማናት? አስተዳደሩ በየክፍሉ ሲያስጠይቅ ዋለ። አለቃችን ካቦ ደምሴ ማሽን ላይ ወጥቶ ‘ወርቄ ባልቻ እጅሽን አውጪ!’ እያለ እንደ አስተማሪ ሲጮህ ብታዪው ኖሮ! አንዷ ደግሞ ‘ወርቄስ የለችም፣ ባልቻ ቢመጣ ይበቃሃል?’ አትለውም!»

እኔ አልሳቅኩም። ያዝኩት አልኩ በልቤ። በማግስቱ ጠዋት ነጠላዬን አጣፋሁና በቀጥታ ሸምሱ ቤት ገባሁ። እንደጠበቅኩት ሁለቱም አሉ፤ ሳህኗም መሀላቸው አለች። ሰላም አላልኩም። ሳህኑን ከሥሩ አንሥቼ ገለበጥኩት። ፉሉ ግማሹ በአቶ ታፈሰ ቡናማ ኮት ላይ፣ ግማሹ በባለ ከረባቱ ላይ ፈሰሰ።

«ብላ!» አልኩኝ። ሃያ ዓመት ችሎት የቆመን ሰው «አንተ» አልኩት። «የእኔን ሥጋ ከበላህ በሳህን ለምን ይሆናል? ሻጭ! ስሙን ለአንተ ብቻ ነው የነገርኩት!»

ሸምሱ ጭልፋውን እንደያዘ፣ «ላኢላሃ ኢለላህ፣ ይቺን ልጅ አስቀምጧት» አለ። የሚያስቀምጠኝ ግን አልተገኘም። አቶ ታፈሰ ከኮታቸው ላይ ባቄላውን በጋዜጣ ጠረጉ፤ ከቦርሳቸው አንድ ማኅተም ያለበት ወረቀት አወጡ።

«ይህ የምስክር ዝርዝራችን ነው። ለፍርድ ቤት አስገብቼዋለሁ። አንድ ወገን ያስገባው ጽሑፍ ለሌላው ወገን ይደርሰዋል። ሕጉ ነው። ስሙ ፋብሪካው የገባው በዚህ በኩል ነው።» ከዚያ ዓይኔን አዩት። ምን እንዳዩ አላውቅም። «ወርቄ ባልቻ…» ብለው ጀመሩና ቆሙ። ባለ ከረባቱ ጆሮውን ቀስሯል። «አይ፣ እዚህ አትመልሺልኝ። ተነሺ ወደ ቢሮ» አሉኝ።

እሳቸው ክፍል ውስጥ ገብተን በሩ ሲዘጋ ነው ቁጣቸውን ያየሁት። አልጮሁም። የጽሕፈት መኪናውን ክዳን ከፈቱት፣ ዘጉት፣ ከፈቱት፣ ዘጉት።

«የለችም፣ አይደል?»

«የለችም።»

«በሌለች ሰው ፍርድ ቤት አስምለሽኝ ነበር።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ያን ጊዜ ነው ሁሉንም የዘረገፍኩት። ዘሀራ ሳልጠይቃት ብረቴን ሦስት ቀን እንደ ሰቀለች፤ ካቦው ሲያዛት የእኔን ማሽን ከራሷ ጋር ደርባ እንደሠራች፤ ባሏ እንደ ተኛ፤ ስለ መንትዮቹ፣ ስለ መሐላዬ። ስጨርስ መጻፋቸውን ለማየት እጃቸውን ሳይ ብዕሩ ኪሳቸው ውስጥ ነው። አንዲት ፊደል አልጻፉም።

«ስሟን ካነሡ ጉዳዩን እተወዋለሁ» አልኳቸው። «ተባርሬ ልቅር። አታላይ እንደተባልኩ ልሙት።»

«አላነሣም» አሉ። «አሁን ሂጂ። ኮቴን ልጠብ።»

በቀጠሮው ቀን ተነሥተው ለችሎቱ፣ «ወርቄ ባልቻ የተባለችውን ምስክር ሳላጣራ በስህተት አስገብቻለሁ፤ ስህተቱ የእኔ ነው፤ ትሰረዝልኝ» አሉ። ዳኛው፣ «በእርስዎ ዕድሜና ልምድ የሌለ ሰው ለምስክርነት ይቆጠራል?» ብሎ በሰው ፊት ወቀሳቸው። አቶ ታፈሰ አንገታቸውን ደፉ። የኮታቸው ደረት ላይ የዘይቱ ምልክት አልለቀቀም ነበር። አፈርኩ ብል ውሸት ነው። የተሰማኝ እፎይታ ነው፤ እኔ ባለመወቀሴ።

ቀጥሎ የፋብሪካው ምስክር ካቦ ደምሴ ቀረበ። አቶ ታፈሰ በዝግታ ጠየቁት።

«ከሳሿ ባልነበሩባቸው ቀናት ማሽናቸው ቆሞ ነበር?»

«ኧረ አልቆመም። ማሽን ቆሞ እኔ ልቀጣ!»

«ታዲያ እንዴት ሠራ?»

«ሰው ተክቼበት ነዋ።»

«መቼ?»

«በመጀመሪያው ቀን ጠዋት።»

«ለምን ተኩ?»

«እሷ ስለሌለች።»

ችሎቱ ውስጥ ያለው ሰው ተንቀሳቀሰ። እኔም ገባኝ። ብረቴ ተሰቅላ ሳለች እኔ እንደሌለሁ ካቦው ከመጀመሪያው ሰዓት ያውቅ ነበር። ማንም አልተታለለም! ካቦውም አንደበቱ ወዴት እንደወሰደው ገባው፤ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ፤ ራሱን ሊያድን «እንዲያውም እኔ ራሴ…» ብሎ አፉን ከፈተ።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ጥያቄዬን ጨርሻለሁ» አሉ አቶ ታፈሰ። ተቀመጡ።

ልፈነዳ ምንም አልቀረኝም። ሰውየው ሊናዘዝ አፉን ከፍቶ ሳለ! አንዲት ጥያቄ፣ አንዲት ብቻ ብትጨመር እኮ ያልቅለታል! ብድግ ስል ፖሊሱ ትከሻዬን ይዞ አስቀመጠኝ። ስንወጣ በረንዳው ላይ ባለ ከረባቱ የአቶ ታፈሰን ክንድ መታ መታ አድርጎ አለፈ። ያን አየሁ። ከዚያ በኋላ ሌላ ማየት አላስፈለገኝም።

ፍርዱ ሲነበብ ወደ ሥራዬ እንድመለስ ተወሰነ። ሰው እልል አለ። እኔ ግን አንዲት ቃል እየጠበቅኩ ነበር፤ «አላታለለችም» የምትል። የተነበበው «ማታለሏ በበቂ ማስረጃ አልተረጋገጠም» የሚል ነው። አልተረጋገጠም ማለት ምን ማለት ነው? ሰርቃለች ግን እጅ ከፍንጅ አልያዝናትም ማለት አይደለም? እንጀራዬ ተመለሰ፤ ስሜ ግማሹ በር ላይ ቀረ።

አቶ ታፈሰ የፋይሉን ክር ሲያስሩ፣ «ግማሽ ስም ነው የሰጡኝ» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ፤ ቋጠሮውን አጠበቁና «መልካም ሥራ» አሉኝ። ክፍያቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ እግዜር ይስጥልኝ ሳልል ወጣሁ።

ዘሀራ ከጎኔ ባለው ማሽን ጡረታ እስክትወጣ ሠራች። መንትዮቹን አስተማረች፤ ባሏ በምርኩዝ ተነሣ። አሁን ደሴ ልጇ ዘንድ ናት፤ በመውሊድም በፋሲካም እንደዋወላለን። እኔ ግን ጠበቃ የሚል ቃል በተነሣ ቁጥር፣ በእድርም በለቅሶም በሠርግም፣ ያቺን የፉል ሳህን አነሣ ነበር። «ከባላጋራዬ ጋር በልቶ፣ ካቦው ሊናዘዝ ሲል አፉን የዘጋለት!» እል ነበር። ስንት ሰው በእኔ ወሬ እሳቸው ዘንድ ሳይሄድ ቀርቶ ይሆን?

ቤዛ በታክሲ ውስጥ ያን ከተናገረች በኋላ ሦስት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልጅቷን «ለጠበቃሽ ንገሪ» ብላት በምን አፌ? እኔው አይደለሁ በጠበቃ አትመኑ እያልኩ ያሳደግኳት? ወይ ያ ሰው በእውነት ሸጦኛል፣ ወይ እኔ ያላየሁት ነገር አለ። ሳልጠይቅ ልሞት ነው እንዴ?

ቅዳሜ ጠዋት ቤዛን አስከትዬ ሸምሱ ቤት ሄድኩ። ሸምሱ ዐርፏል፤ ልጁ ነው አሁን ያለው፤ ፉሉ ግን ያው ነው።

«አቶ ታፈሰ? አሉ እንጂ!» አለኝ። «ኮዬ ፈጬ ልጃቸው ጋር ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከዚሁ ያስወስዳሉ። ዓይናቸው ደክሟል እንጂ ሆዳቸውስ ደህና ነው።»

«የዛሬውን እኔ አደርሳለሁ» አልኩት። የፉሉን ሳህን በፌስታል ጠቅልዬ፣ ትኩሱን ጭኔ ላይ አስቀምጬ በታክሲ ሄድን። ቤዛ «እማዬ፣ ለሰውዬው ፉል ነው የምትወስጂለት?» ብላ ስትጠይቀኝ ታሪኩን ከነስሜ መጥፋት ከነጥፋቴ እስከ ኮዬ ፈጬ ነገርኳት። ሻሿን አልሳበችም።

ሦስተኛ ፎቅ ነው። በመስኮቱ አጠገብ፣ ብርድ ልብስ እግራቸው ላይ ጥለው ተቀምጠዋል። «እንዴት አደሩ አቶ ታፈሰ? ታደለች ነኝ፣ ከፈትል ፋብሪካው» አልኩኝ። ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ። አፍንጫቸው ሽታውን ያዘ።

«ታደለች! ፉል ነው የያዝሽው? ልታበዪኝ ነው ወይስ ልትደፊብኝ?»

ጉልበታቸው ላይ ወደቅኩ። አነሡኝና ቤዛ ማን እንደሆነች ጠየቁ፤ የልጅ ልጄ ናት፣ እሷንም ፋብሪካ አባሯት ጠበቃ ይዛለች አልኳቸው። ዳቦ ቆርሰው በሳህኑ ጠርዝ መብላት ጀመሩ፤ እኔንም «ቁረሺ እንጂ» አሉኝ። ከአንድ ሳህን በላን።

«አንድ ጥያቄ አለኝ» አልኳቸው። «ሠላሳ ዓመት ያደረ።»

«እኔን ሳትጠይቂ አገሩን ሁሉ የጠየቅሽው ነው?» አሉኝ። ፈገግ ብለው ነበር፤ ግን ወጋኝ።

«እሱ ነው። ያን ቀን ለምን ተቀመጡ? ካቦው ሊናዘዝ አፉን ከፍቶ ነበር እኮ!»

የያዙትን ዳቦ አስቀመጡ። ፊታቸውን ቤዛ ወደ ተቀመጠችበት አዙረው እንዲህ ሲሉ መለሱልኝ፦

«ካቦው አፉን የከፈተው ሊናዘዝ አልነበረም። ‘እንዲያውም እኔ ራሴ ዘሀራን አቁሜበታለሁ’ ሊል ነበር። ስሟ አንዴ ከተጠራ ማሽንሽን የያዘችው እሷ፣ ከጎንሽ የምትሠራው እሷ፣ ብረቱን የሰቀለችውም እሷ መሆኗን ለማወቅ ጠበቃ መሆን አያስፈልግም። አንቺ ‘አላታለለችም’ ትባዪ ነበር፤ እሷ በነጋታው በሩ ላይ ትለጠፍ ነበር። ስሟ ከተነሣ ልባረር ያልሽኝ ደግሞ አንቺ ነሽ፤ ረስተሽው ነው እንጂ። ጠበቃሽ ነበርኩ፤ ያዘዝሽኝን ፈጸምኩ። እውነቱን አጥብቄ የጠየቅኩሽ ልናገረው አልነበረም ልጄ፤ የቱ ጋ ዝም እንደምል ለማወቅ ነበር።»